እውነተኛ የእንስሳ ወዳጅ ማን ነው?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምን ደጋ፣ ገበሬው በሬውን በስሙ ይጠራል፤ ሲያርስም ያሞግሰዋል። ማሞገስስ ቀላል ነው። እውነተኛ ወዳጅ የሚለየው ቀንበሩ ከወረደ በኋላ ነው።

እስቲ ሰኔን እናስብ። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል። ሥራው የሚበረታው ግን ጭዱ ባለቀበት፣ ሣሩም ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሬውን የሚወድ ሰው በጥር ከአውድማ ያገኘውን ጭድ ከዝናብ ከልሎ ለሰኔ ያቆየዋል።

ማታ በሬውን ሲፈታ ጫንቃውን ይዳስሳል። ቀንበሩ ሻካራ ከሆነ ፍቆ ያለሰልሰዋል። የቆሰለ በሬ እስኪድን አይጠመድም። ገጣባ አህያም አትጫንም። «ነገ ገበያ አለብኝ» ማለት ለቁስል መድኃኒት አይሆንም።

ክትባትም የወዳጅነት ምልክት ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ መሬት ጦም አደረ፤ ሕዝብ በረሀብ አለቀ። ይህ በሽታ በክትባት ኃይል ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ግን ዛሬም አሉ። ክታቢው ሲመጣ ከብቱን የሚደብቅ ሰው እንግዲህ እንዴት ወዳጅ ይባላል?

ጥያቄዎች
1. የበሬ ሥራ በሚበረታበት ወር ምን ይጎድላል?
2. የደስታ በሽታ በምን ጠፋ?
3. ዛሬ ማታ የበሬያችሁን ጫንቃ፣ የአህያችሁን ጀርባ ዳስሱ። ያገኛችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።