እጅ የለመደውን ልብ አይፈራውም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በብዙ ሐበሻ ቤት አንድ ሐሳብ ይነሣል፤ «ዘንድሮ አልጋና ሽንት ቤት ያለውን መኪና፣ አርቪ፣ ተከራይተን ለምን ወደ ተራራው አንወጣም?» ልጆች ይፈነጥዛሉ። ወዲያው ግን ጥያቄ ይደረደራል። ያን የሚያህል መኪና ማን ይነዳዋል? ሽንት ቤቱ የት ይደፋል? ሌሊት መብራት ቢጠፋስ? ድብ ቢመጣስ? ነገሩ «ለከርሞ» ይባላል፤ ከርሞም ይመጣና ያልፋል።

ዘንድሮ ግን አይለፋችሁ! ጥያቄዎቻችሁ ተገቢ ናቸው፣ ሁሉም መልስ አላቸው። መልሱን ግን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማንም አላገኘውም። ድፍረት ከእጅ ነው የሚጀምረው፤ እጅ አንድን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ከሠራው በኋላ ልብ ተከትሎ ይረጋጋል። ስለዚህ ልብን ለማደፋፈር አትድከሙ፤ ለእጃችሁ ሥራ ስጡት።

ቅርብ እደሩ

የመጀመሪያው ጉዞ ሩቅ መሆን የለበትም። የሎውስቶን ፓርክ የትም አይሄድም። ለመጀመሪያዋ ሌሊት ከቤታችሁ ብዙ የማይርቅ፣ ውሃና መብራት እስከ መኪናው ድረስ የተዘረጋለት ቦታ ምረጡ። ለዲሲ አካባቢ ሰው ኮሌጅ ፓርክ ያለው ቼሪ ሂል ወይም ሴንተርቪል ያለው ቡል ረን ለዚህ ይመቻሉ። ብርድ ልብስ ብትረሱ፣ ልጅ ቢያስነጥሰው፣ አንድ ነገር አልከፈት ቢላችሁ ቤታችሁ ቅርብ ነው። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን በካምፖቹ ውስጥ ለመኪናው የሚሰካ መብራት የለም፤ የምታድሩት በራሳችሁ ባትሪና በታንከራችሁ ውሃ ነው። እሱን ለሁለተኛው ዙር አቆዩት። ያን ጊዜ ተዘጋጅታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ደስታውም እጥፍ ይሆናል።

መኪናውን ተላመዱት

ጀማሪ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ክላስ ሲ የሚባለውን፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለውን ነው። ግዝፈቱ ያስደነግጣል፤ የሚነዳው ግን በተለመደው መንጃ ፈቃድ ነው። እንደተረከባችሁ በቀጥታ ሀይዌይ አትግቡ። ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉና ግማሽ ሰዓት ተለማመዱ፤ በግራ ዙሩ፣ በቀኝ ዙሩ፣ ፍሬን ያዙ። ስትዞሩ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚወረወር በዓይናችሁ እዩት። ወደ ኋላ ስትሄዱ አንድ ሰው ወርዶ ይምራ፤ ሾፌሩም ሰውየውን በመስታወት ካጣው በዚያው ቅጽበት ይቁም። ይህን ሕግ ካከበራችሁ አጥር መግጨት የለም።

የመኪናውን ቁመት በወፍራም እስክሪብቶ ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉት። የሼናንዶዋው ስካይላይን ድራይቭ ለምሳሌ 105 ማይል የሚረዝም፣ ከ35 ማይል በላይ የማይነዳበት ውብ መንገድ ነው፤ በላዩ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ግን ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ቁመቱን የሚያውቅ ሾፌር ዘና ብሎ ያልፋል። የባልቲሞር ዋሻዎች ደግሞ የምግብ ማብሰያ ጋዝ በያዘ መኪና ላይ ገደብ ስላላቸው በዚያ በኩል የምትሄዱ ከሆነ መንገዳችሁን አስቀድማችሁ አጣሩ።

አርቪ የለመዱ ሰዎች የ3-3-3 ደንብ የሚሉት አላቸው፤ በቀን ከ300 ማይል በላይ አለመንዳት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ ማለትም በአሜሪካ ሰዓት ከ3 በፊት መድረስ፣ አንድ ቦታ 3 ቀን መቆየት። እናንተ ማይሉን ከግማሽም በታች አድርጉት። በቀን ብርሃን መድረስን ግን አትደራደሩበት።

ውሃና መብራት

ብዙ ሰው የሚሸሸው ይህን ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን እንደዚህ የሚያኮራ የለም። አርቪ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ የንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው የእቃ ማጠቢያና የሻወር እጣቢ፣ ሦስተኛው የሽንት ቤት ነው። የእጣቢው ግራጫ፣ የሽንት ቤቱ ጥቁር ይባላል። ንጹሕ ውሃ የምትቀዱበት ጎማና ፍሳሽ የምትደፉበት ጎማ መቼም ቢሆን አይነካኩ፤ በተለያየ ቦታ ይቀመጡ።

የመድፋት ቀን ሲደርስ እንዲህ አድርጉ። ጓንት አጥልቁ። የፍሳሹን ጎማ ከመኪናው ጋር ግጠሙና መቆለፉን በእጃችሁ አረጋግጡ፤ ሌላውን ጫፍ መድፊያው ጉድጓድ ውስጥ በደንብ አስገቡ። መጀመሪያ የጥቁሩን መክፈቻ ሳቡ። ሲጨርስ ዝጉት። ቀጥሎ የግራጫውን ክፈቱ፤ እጣቢው ጎማውን አጥቦት ያልፋል። በቃ! ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይደርሳል። የጥቁሩ መክፈቻ እስከ መድፊያው ሰዓት ተዘግቶ ይቆይ፤ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይወርድና ጠጣሩ ታንከሩ ውስጥ ይደርቃል።

መብራቱም የራሱ ልክ አለው። ብዙ አርቪዎች የሚሰኩት 30 አምፒር ላይ ነው፤ ይህም 3,600 ዋት ያህል ነው። ኤሲውን፣ ማይክሮዌቩንና የፀጉር ማድረቂያውን በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁ የመብራት ማቋረጫው (ብሬከሩ) ይዘጋል። ሲዘጋ አትደንግጡ፤ አንዱን አጥፉና መልሱት። ከቤት ሳትወጡ ብሬከሩ የት እንዳለ ብቻ እወቁ።

ስንቅና ቡና

በስንቅ ጉዳይ ማን ይስተካከለናል! ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም ለመንገድ የተፈጠሩ ናቸው። ወጡን ቤት ሠርታችሁ በትንንሽ እቃ አቀዝቅዙት፤ ካምፕ ስትደርሱ ማሞቅ ብቻ ነው። ድርቆሹን በትኩስ ወጥ ፈትፍታችሁ ደጅ ብትበሉት ከየትኛውም ሆቴል ይበልጣል። ከበላችሁ በኋላ ግን ፍርፋሪ እንኳ ውጭ አታሳድሩ። በሼናንዶዋ ተራሮች ጥቁር ድብ አለ፤ ምግብ ካልሸተተው በአብዛኛው መንገዱን ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቡና ያለ ከሰል አይጥምም የምትሉ፣ ከሰሉን አርቪ ውስጥ በምንም ምክንያት አታያይዙ፣ ያልጠፋ ከሰልም ይዛችሁ አትግቡ። የከሰል ጭስ የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። ረከቦቱን ደጅ፣ ካምፑ በሚፈቅደው ቦታ ዘርጉ። ማታም ከመተኛታችሁ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ፤ ስትጫኑት ከጮኸ ይሠራል ማለት ነውና በሰላም ተኙ።

ደጅ የተፈላ ቡና ሌላም ጥቅም አለው፤ ጎረቤት ያመጣል። የካምፕ ሰው ለጀማሪ ደግ ነው። «መጀመሪያችን ነው» ብላችሁ ብትነግሩት መኪና ሲቆም ይመራል፣ የጎደለ መፍቻ ያውሳል። እናንተም ስኒ አቅርቡለት።

ለማን ብላችሁ?

ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጅ ማሳደግ ጊዜን እንዴት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ። ከኢትዮጵያ የመጡት እናት ወይም አባት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፓርትመንት ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ተኙ ልትሏቸው አትችሉም፤ አርቪ ግን አልጋ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ለወገባቸውም ለክብራቸውም ይመቻል። ልጆች ከአያታቸው ጋር እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ተረት የሚሰሙበት ምሽት በገንዘብ አይተመንም። እዚያ ለመድረስ የሚጠየቀው ዋጋ ደግሞ አንድ ፓርኪንግ፣ አንድ የፍሳሽ ጎማ፣ አንድ ጥንድ ጓንት መልመድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቀን መቁጠሪያችሁን አውጡና አንድ ቅዳሜ ክበቡ። ነገ ለካምፑ ደውላችሁ ቦታ ያዙ። ሥራውን ለቤተሰቡ አካፍሉ፤ አንዱ መሪ፣ አንዱ የውሃ ኃላፊ፣ ልጆቹ የስንቅ ሹም ይሁኑ። አንዲት ሌሊት ብቻ እደሩ። ጠዋት ስትነሡ የዚያን ሁሉ ጥያቄ መልስ ከእጃችሁ ታገኙታላችሁ፤ ያን ጊዜ ስለሚቀጥለው ጉዞ የምታወሩት እናንተው ናችሁ። መልካም መንገድ!