በደልን መናገር ሐሜት ነውን?



በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ተቀጥረው ከሚሠሩ እኅቶቻችን አንዳንዶቹ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ ሲደርስባቸው፣ «ብናገር ስሜ ይጠፋል፤ እንጀራዬም ይቋረጣል» ብለው ዝም ይላሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም።

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 ሶስናን ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት ክስ እያስፈራሩ ለኃጢአት ሲያስገድዷት ጮኸች። ሕዝቡ ሽማግሌዎቹን አመነ፤ ዳንኤል ግን ለየብቻ መርምሮ እውነቱን ገለጠ። እንግዲህ የተበደለ ሰው መናገሩ ኃጢአት አይደለም፤ ሰሚውም ሳይመረምር መፍረድ የለበትም።

ይቅርታ ማድረግም በደልን መሸሸግ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ትንኮሳውን የፈጸመው የሥራ ባልደረባ ሲሆን፣ አሠሪው ተነግሮት ተገቢውን እርምጃ በጊዜው ካልወሰደ፣ ሠራተኛዋ ሥራዋን ለቅቃ የሥራ ስንብት ክፍያ መጠየቅ ትችላለች። ካልተነገረው ግን «አላውቅም» ለማለት ይመቸዋል። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውንና የሆነውን መዝግቦ ለሠራተኛ አስተዳደር በጽሑፍ ማመልከት፣ ግልባጩንም መያዝ ይበጃል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የየመሥሪያ ቤታቸውን ደንብ ይጠይቁ።

ውሳኔው የተበደለችው እኅት ነው። እኛ ግን «ቻዪው» ብለን አንመልሳት፤ እንስማት፣ ምስጢሯን እንጠብቅላት፣ ለማመልከት ስትነሣም ብቻዋን አንተዋት።