ጸጥ ያለው መስመር

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በሰሊጥና በማሽላ ምርቷ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። ጋላባትና መተማ ፊት ለፊት ከሚተያዩበት የድንበር ሥፍራ የምትርቀው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጨዳ ሲደርስ ድንበሩን የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች፣ በዚያው በንግድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች የተጠለሉ ስደተኞች ከቤተሰቦቻቸው ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ይህ መስመር ጸጥ አለ። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ያን ጊዜ ከዘጠኝ ወር በላይ ሆኖት ነበር። የሀገሪቱ ሦስት ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች አገልግሎታቸው በየተራ ተቋረጠ። ጉዳቱ ወሬ በመጥፋቱ ብቻ የሚለካ አልነበረም። ጥሬ ገንዘብ ከገበያ በጠፋበት በዚያ ወቅት ብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀባበለው ባንካክ በተባለው የስልክ ባንክ አገልግሎት ስለነበረ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ገንዘብ ያለውም እንደሌለው ሆነ። በካርቱም ለችግረኞች ምግብ ያበስሉ ከነበሩት የጋራ ወጥ ቤቶች አንዳንዶቹ፣ የሚላክላቸው ርዳታ መድረሻ ስላጣ፣ እሳታቸውን አጠፉ።

ታዲያ ውጊያ ያልደረሰባት ገዳሪፍ ስለ ምን ዝም አለች? ምክንያቱ የነበረው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በካርቱም ነው። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው የሚሄደው ጥሪ፣ ደዋዩና ተደዋዩ ጎረቤታሞች ቢሆኑም እንኳ፣ በዋና ከተማው በሚገኙት የመረጃ ማእከሎች ያልፍ ነበር። ማእከሎቹ ሥራ ሲያቆሙ የሩቆቹ ከተሞች ሁሉ አብረው ቆሙ። ኩባንያዎቹ በፖርት ሱዳን አማራጭ ማእከል ካቋቋሙ በኋላ ነው በምሥራቅና በሰሜን የሚገኙት ከተሞች ቀስ በቀስ ድምፃቸው የተመለሰላቸው። ሕመሙ የተሰማበት ቦታና ሕመሙ የተነሣበት ቦታ የተለያዩ ነበሩ።

የመልእክት መስመርን የሚጠግን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ ነው። በሽቦ ስልክ ዘመን ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት የተዘረጋ መስመር ተበጠሰ እንበል። ብልህ ጠጋኝ 150 ኪሎ ሜትሩን ምሰሶ ከምሰሶ እየቆጠረ አይሄድም። ከመንገዱ አጋማሽ ይቆምና ወደ ገዳሪፍ ይደውላል። ከተሰማ ብልሽቱ ወደ ጋላባት ባለው ግማሽ ነው፤ ካልተሰማ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፍላል። እንዲህ አምስት ጊዜ ቢያደርግ የሚፈትሸው ከአምስት ኪሎ ሜትር ያነሰ ይሆናል። ይህ ዘዴ ሽቦ በሌለበት፣ ዓይን ሊያየው በማይችል ብልሽትም ላይ እንደሚሠራ ከዚህ በታች ይታያል።

ጦርነት ባይኖር፣ ምሰሶውም ማእከሉም ደኅና ቢሆን፣ መልእክት የሚያስተላልፈው ኮምፒዩተር ራሱ ድንገት ሊወድቅ ይችላልና።

በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ ዋና ፕሮግራም አለ። የዚህ ፕሮግራም እምብርት ከርነል ይባላል፤ የቃሉ ፍቺ አስኳል ማለት ነው። ትውስታውን የሚያከፋፍለው፣ ከመስመር የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለውና የሚልከው ይኸው አስኳል ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ቢበላሽ እርሱ ብቻውን ይዘጋል፤ አስኳሉ ሲወድቅ ግን ማሽኑ በሞላ ይወድቃል። መሐንዲሶች ይህን አወዳደቅ «ድንጋጤ» ይሉታል። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው ሰው በፊንላንድ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1984 ዓ.ም. ያወጣው ሊኑክስ የተባለው አስኳል ዛሬ በዓለም ላይ ብዙውን የመረጃ ማእከል ያንቀሳቅሳል። በአንድሮይድ የሚሠሩት ስልኮችም አስኳላቸው ይኸው ነው፤ ስለዚህ የገዳሪፍ ነጋዴ በኪሱ ይዞት የሚዞር ነገር ነው ማለት ይቻላል።

አስኳሉ መልእክት የሚልክበትን ሥርዐት ለመረዳት የገዳሪፍን የሰሊጥ ጭነት ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ነጋዴ ብዙ ሺህ ኩንታል በካሰላ በኩል ወደ ፖርት ሱዳን ሲልክ ጭነቱን በአንድ መኪና አይልክም፤ ለብዙ መኪኖች ያከፋፍለዋል፣ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጠዋል። በወደቡ ያለው ተቀባይ «እስከ 12ኛው ደርሶኛል፤ 13ኛው ጠፍቷል፤ ከ14ኛው እስከ 20ኛው ግን ተረክቤአለሁ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ከሆነ ላኪው እንደገና የሚልከው 13ኛውን ብቻ ነው። ኮምፒዩተርም መልእክቱን በትናንሽ እሽጎች ከፋፍሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ይልካል። «ይህ ደርሷል፣ ያ ቀርቷል» ብሎ ለይቶ የመመለሱ ሥርዐት ለኮምፒዩተሮች የተደነገገው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጠፋውን ብቻ እንደገና ለመላክ ስላስቻለ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ጥቅሙ የመጣበት በር አደጋም ገብቶበታል።

ሰኔ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ጆናታን ሉኒ ያገኘው አንድ ስሕተት ለዓለም ተገለጠ። ከሩቅ ያለ ማንኛውም ሰው፣ የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው፣ እሽጎችን በተንኮል በማቀባበል ብቻ የሊኑክስን አስኳል መጣል ይችል ነበር። ስሕተቱ በ2001 ዓ.ም. ከወጣው እትም ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ማንም ሳያስተውለው ኖሯል።

ነገሩ የመደመር ጉዳይ ነው። አስኳሉ የላካቸውን ዕቃዎች ደረሰኝ እስኪመጣላቸው ድረስ በሣጥን ያቆያል። በአንድ ሣጥን ውስጥ እስከ 17 ቁራሽ ሊገባ ይችላል፤ አንዱ ቁራሽ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ እስከ 32,768 ባይት ይይዛል። ሣጥኑ ሲሞላ እንግዲህ 557,056 ባይት ይሆናል። በሣጥኑ ላይ ደግሞ በውስጡ ስንት እሽግ እንዳለ የሚመዘግብ ቆጣሪ ተለጥፏል፤ ይህ ቆጣሪ ሊጽፈው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 65,535 ነው። ተራ መልእክት ከሆነ እሽጉ ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩ ከዚህ አጠገብም አይደርስም። ነገር ግን የእሽጉን መጠን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ተንኮለኛው ተቀባይ «ከ48 ባይት የሚበልጥ እሽግ አልቀበልም» ይላል። ከ48ቱ እስከ 40 ባይት የሚደርሰውን ተጨማሪ ምልክት ሊወስደው ስለሚችል፣ ለመልእክቱ የሚተርፈው ስምንት ባይት ብቻ ይሆናል። ቀጥሎም ደረሰኙን እየለየ ሲመልስ አስኳሉ የደረሱትን ሣጥኖች በአንድ ላይ ያጠቃልላል። 557,056 ለስምንት ሲካፈል 69,632 ነው፤ ይህም ከ65,535 ይበልጣል።

መዝገቡ ላይ ለሁለት አኃዝ ብቻ ቦታ ያለው ጸሐፊ ከ99 ቀጥሎ 00 ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለውም። የአስኳሉም ቆጣሪ እንዲሁ ዞሮ ወደ ትንሽ ቁጥር ተመለሰ። ቀድሞ የነበሩት ፕሮግራም ጸሐፊዎች በዚያ ሥፍራ «ሂሳቡ የማይመስል ሆኖ ከተገኘ ሁሉም ነገር ይቁም» የሚል ጠባቂ ትእዛዝ አኑረው ነበር። ጠባቂው ታዘዘ፤ ማሽኑ ቆመ። በሐሰተኛ ሂሳብ እየሠራ የሰውን መዝገብ ከማበላሸት መቆሙ ሳይሻል አይቀርም፤ ቢሆንም በዚያ ማሽን ላይ የተንጠለጠለው አገልግሎት ሁሉ አብሮት ይቆማል።

አስኳል ሲወድቅ እንደ ኑዛዜ የሚቈጠር ጽሑፍ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ የወደቀበት ትእዛዝና ወደዚያ ያደረሱት ትእዛዞች በተዋረድ ተጽፈው ይገኛሉ፤ የመጨረሻው ከላይ፣ የፊተኛው ከታች ነው። ጀማሪ የላይኛውን መስመር ብቻ አይቶ ጠባቂውን ትእዛዝ ሊሰርዝ ይቃጣው ይሆናል። ይህ ግን ጥፋቱን ትቶ ደወሉን እንደ መስበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሳይጮኽ ይሳሳታል። ልምድ ያለው ሰው ከላይ ወደ ታች እየወረደ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፉ የማይበቃው ሲሆን የመስመር ጠጋኙን ዘዴ ይጠቀማል፦ ደኅና የነበረውን አሮጌ እትምና የተበላሸውን አዲስ እትም ይዞ መካከለኛውን ይሞክራል፤ የቀረውን ግማሽ እንደገና ይከፍላል። በሁለቱ እትሞች መካከል አንድ ሺህ ለውጥ ቢኖር ጥፋተኛውን ለመለየት ዐሥር ያህል ሙከራ ይበቃል።

የሊኑክስ ጥገና እጅግ አጭር ነበር። ሁለት ሣጥኖች ከመጠቃለላቸው በፊት ድምራቸው እንዲታይ ተደረገ፤ መጠኑ 524,280 ባይት ከደረሰ፣ ወይም የእሽጎቹ ቁጥር 65,535ን ካለፈ፣ ሣጥኖቹ ሳይጠቃለሉ በየራሳቸው ይቆያሉ። ጠባቂው ትእዛዝ ሳይሰረዝ፣ ከእርሱ በፊት ያለው መደመር ታረመ። የታረሙት እትሞች ስሕተቱ በተገለጠበት ጊዜ አብረው ወጡ፤ በቶሎ ማደስ ያልቻሉ ደግሞ ለይቶ የመቀበሉን ሥርዐት ለጊዜው እንዲዘጉት፣ ወይም እጅግ ትናንሽ እሽግ የሚጠይቀውን ሁሉ በር ላይ እንዲመልሱት ተመከሩ።

ጥያቄዎች

ምንባቡን በሚገባ ካነበባችሁ በኋላ የሚከተሉትን መልሱ።

ሀ) ገዳሪፍ ውጊያ ሳይደርስባት መስመሯ የተቋረጠው ለምንድን ነው?

ለ) ተቀባዩ ለመልእክት የሚተርፈውን መጠን ስምንት ሳይሆን 16 ባይት ቢያደርገው ኖሮ ቆጣሪው ይሞላ ነበርን? በሂሳብ አሳዩ።

ሐ) «ጥፋቱን ትቶ ደወሉን እንደ መስበር ነው» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምንን ያመለክታል?

መ) «ጠባቂ»፣ «ተዋረድ»፣ «ኑዛዜ» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በዐረፍተ ነገር አግቡ።