ሰርቨር እንዴት ያድጋል? ከሕዳሴው ግድብ የምናገኘው ትምህርት

በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ዘወትር የሚሰማ አንድ አጭር ቃል አለ፤ ይኸውም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ቃሉን የሰማ ባለጉዳይ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል እንጂ የጎደለው ነገር ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ሲስተም የተባለው ነገር እንደ ዝናብ ሲፈቅድ የሚመጣ፥ ሳይፈቅድ የሚቀር ይመስለዋል። እኛ ተማሪዎች ግን ነገ ከዚያው መስኮት በስተውስጥ የምንቀመጥ ነንና፥ ነገሩን ከሥሩ መርምረን ማወቅ ይገባናል። አንድ ድርጅት ደንበኞቹ ሲበዙ የሚሠራበት የሰርቨር ሶፍትዌር አብሮት ሊያድግ የሚችለው እንዴት ነው? የሚያድገውስ እስከ ምን ድረስ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ነው።

1ኛ/ የነገሩ አሠራር

አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚባለው በባለጉዳዩና በመረጃው መካከል ቆሞ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። አንድን መሥሪያ ቤት እናስብ። በሩ ላይ ባለጉዳዩን ተቀብሎ «ወደዚህኛው ቢሮ ግባ» የሚል አንድ ሰው አለ። ከውስጥ ጥያቄውን ከደንቡ ጋር አገናዝበው የሚወስኑ ጸሐፊዎች አሉ። ከኋላ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚመላለሱበት መዝገብ ቤት አለ። በኮምፒዩተሩ ዓለም በረኛው ሥራ አከፋፋዩ ነው፤ ጸሐፊዎቹ አፕሊኬሽን ሰርቨሮቹ ናቸው፤ መዝገብ ቤቱም ዳታቤዙ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ያላየ ሰው «ሲስተሙ ዘገየ» ከማለት በቀር ማን እንደ ዘገየ ሊናገር አይችልም።

ጉዳዩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፥ በ2017 ዓ.ም. የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ሲመጣ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም።

2ኛ/ ሁለት የማደጊያ መንገዶች

አንደኛው መንገድ ያለውን ማሽን አስወግዶ ትልቅ ማሽን መግዛት ነው። ሁለተኛው መንገድ መካከለኛ ማሽኖችን ጎን ለጎን እየጨመሩ ሥራውን ማካፈል ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሶፍትዌሩን መለወጥ አያስፈልግምና። ነገር ግን የማሽን ትልቅነት ወሰን አለው፤ ደግሞም ያ አንድ ማሽን በታመመ ቀን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይታመማል።

የሁለተኛውን መንገድ ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ በመተከል ዞን፥ በጉባ ወረዳ የተሠራውን ታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እንመልከት። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ይህ ግድብ ኀይሉን የሚያገኘው ከአንድ ግዙፍ ተርባይን አይደለም፤ ከ13 ክፍሎች ነው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 375 ሜጋዋት፥ አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋዋት ያመነጫሉ። የመጀመሪያው ክፍል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የግድቡ ግንባታ ገና አላለቀም ነበር፤ ሁለተኛው ነሐሴ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ተከተለ፤ ሌሎቹም በየተራ እየታከሉ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥራ ሳይቋረጥ ማደግ ማለት ይህ ነው። አንዱ ክፍል ለጥገና ቢቆም አሥራ ሁለቱ ይሠራሉ።

3ኛ/ ሎሚውን የሚያድለው ማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ያልነገረን አንድ ነገር አለ፤ ሎሚውን ቆጥሮ ለሃምሳው ሰው የሚያድለው ማን ነው? አዳዩ አንድ ሰው ከሆነና እጁ ከዘገየ፥ ሃምሳው ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ ይህን ነገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 በቁጥር አሳይቷል። ከጠቅላላው ሥራ ከመቶ አምስቱ ሊከፋፈል የማይችል፥ ሁሉም በየተራው የሚያልፍበት ሥራ ነው እንበል። 13 ሰርቨሮች ብናቆም የምናገኘው የ13 ሰርቨር ሥራ ሳይሆን የ8 ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩን አጥፈን 26 ብናደርገው ወደ 11 ተኩል ያድጋል። ሰርቨሩን ያለ ቁጥር ብናበዛ እንኳ ከ20 አናልፍም። በዘልማድ ያቺ የማትከፋፈል ሥራ የምትገኘው በመዝገብ ቤቱ ነው።

በግድቡም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከግድቡ በዓመት የሚጠበቀው ጉልበት 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን በዓመቱ ሰዓቶች ብናካፍለው በአማካይ ወደ 1,800 ሜጋዋት ይደርሳል፤ ከተተከለው ዐቅም ከሲሶ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የተርባይኖቹ ብዛት ለከፍተኛው ፍላጎት ሰዓት የተዘጋጀ ነው፤ የዓመቱን ድምር የሚወስነው ግን የዓባይ ውሃ ነው። ተርባይን መጨመር ውሃ አይጨምርም። ሰርቨር መጨመርም መዝገብ ቤቱን አያፈጥንም።

4ኛ/ ሳይመካከሩ መሥራት

አሥራ ሦስቱ ማመንጫዎች ጭነቱን የሚካፈሉት እንዴት ነው? በኤሌክትሪክ መረብ የተለመደው ዘዴ እያንዳንዱ ማመንጫ የመስመሩን ድግግሞሽ እንዲመለከት ነው። የአገራችን መረብ በሰከንድ 50 ዙር ይሠራል፤ ጭነት ሲበዛ ይህ ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ማመንጫ ሌላውን ሳያማክር የድርሻውን ከፍ ያደርጋል።

ሰርቨሮችም እንዲህ ሊሠሩ ይገባል። በየጥያቄው እርስ በርሳቸው የሚማከሩ ሰርቨሮች ሲበዙ ምክክሩ ከሥራው ይበልጣል፤ ከአንድ ወሰን በኋላም አዲስ ሰርቨር ሲጨመር የጠቅላላው ሥራ ይቀንሳል። ሌላው መሰናክል አንድ ጸሐፊ የባለጉዳዩን ወረቀት በገዛ መሳቢያው መቆለፉ ነው። ያ ጸሐፊ የቀረ ዕለት ባለጉዳዩ «ፋይልዎን የያዘው ሰው የለም» ይባላል። ስለዚህ ሰርቨሩ የደንበኛውን ጉዳይ በራሱ ሜሞሪ ብቻ ሊይዘው አይገባም፤ ማንኛውም ሰርቨር ጉዳዩን ካቆመበት አንሥቶ መቀጠል እንዲችል በጋራ ቦታ መቀመጥ አለበት።

የማሽኑ ቦታም ይታሰብበት። መዝገብ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ አፕሊኬሽን ሰርቨሩን ብቻ አሶሳ ብናቆመው፥ በመካከላቸው ያለው መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 6 ሺህኛ ሰከንድ ይወስዳል። ለአንድ ጥያቄ መቶ ጊዜ የሚመላለስ ፕሮግራም እንግዲህ ከግማሽ ሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ ያባክናል።

5ኛ/ ክረምትና ወረፋ

ዓባይ አብዛኛውን ውሃውን የሚያመጣው በክረምት ወራት ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ ባይኖር፥ ተርባይኖቹ በክረምት ሞልቶ ይፈስባቸው፥ በበጋ ይሠሩት ያጡ ነበር። የሰርቨርም ክረምት አለው፤ የደመወዝ ቀን፥ የበዓል ዋዜማ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበት ሰዓት።

በ2015 ዓ.ም. ይህን ፈተና የወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ነበሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 800 ሺህ ሰዎች እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ ቢጠይቁ 4 ሚሊዮን ጥያቄ ይሆናል፤ በሰከንድ 1,100 ያህል ማለት ነው። አንዱ ጥያቄ በ0.2 ሰከንድ የሚያልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ የሚገኙት 220 ብቻ ናቸው። መዝገብ ቤቱ ዘግይቶ ጊዜው 2 ሰከንድ ቢሆን ግን 2,200 ይሆናሉ። ሰርቨሮቹ በአንድ ጊዜ 500 ብቻ የሚያስተናግዱ ከሆነ የቀረው ሁሉ ውጪ ይቆማል፤ የቆመውም ሰው ደጋግሞ ስለሚሞክር ሰልፉ ይረዝማል። «ሲስተም የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይወለዳል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ውጤት አንዴ ከወጣ በየደቂቃው የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ አስቀድሞ ተገልብጦ በብዙ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የሚነበብ ነገር እንደ ሎሚው ይታደላል። ወዲያው መፈጸም የማያስፈልገው ሥራ ደግሞ እንደ ሐይቁ ውሃ በወረፋ ይቆይ። ከዚያ በላይ ለሚመጣው ግድቡ ትርፍ ውሃ የሚያስተነፍስባቸው 6 በሮች አሉት፤ ሰርቨሩም «አሁን ሞልቷል፥ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» ብሎ በር ላይ ቢመልስ፥ ሁሉን አስገብቶ ከመውደቅ ይሻለዋል።

6ኛ/ የሚጻፈው ነገር

የሚጻፈው ግን፥ በተለይ ገንዘብ፥ እንዲህ አይገለበጥም። የአንድ ሰው ሒሳብ በሁለት መዝገብ ተጽፎ አንዱ ከሌላው ቢለይ የትኛው እውነት ይሆናል? ስለዚህ የሚሻለው መዝገቡን በሒሳብ ቁጥር ከፍሎ፥ እያንዳንዱ ሒሳብ አንድ ብቻ ባለቤት መዝገብ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ ሁለቱም ጽሕፈቶች ይፈጸማሉ፥ ወይም አንዳቸውም አይፈጸሙም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ እንደ ገለጸው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በሲስተሙ ላይ ይደረግ ከነበረ የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እክል ነበር። ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ፤ ከእነሱም መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶ አብዛኛው ተመልሷል። ይህ የዕድገት እክል ነው አንልም፤ ነገር ግን ሲስተሙን የሚያሻሽል ሁሉ ሊያስብበት የሚገባውን ያስተምራል። የቆመ ሲስተም ባለጉዳይን ያጉላላል፤ እየሠራ የሚሳሳት ሲስተም ግን መዝገቡን ራሱን ያፈርሳል።

7ኛ/ ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ሲስተም የሚያድገው በማሽኖቹ ብዛት ልክ ሳይሆን ሁሉም በየተራው በሚያልፍበት በጠባቡ በር ልክ ነው። በየወረዳውና በየባንኩ ተመድበን ስንሄድ «ሌላ ሰርቨር ይገዛ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ እንዘጋጅ። ጥያቄው ከበር እስከ መልስ የሚቆይበት ጊዜ በየትኛው ቢሮ እንደሚያልፍ ተለክቷል ወይ? አንዱ ሰርቨር ዛሬ ቢጠፋ ባለጉዳዩ ሳያውቀው ሥራው ይቀጥላል ወይ? ከሚጠበቀው እጥፍ ሰው ቢመጣ ሲስተሙ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ተሞክሯል ወይ? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚወጣ ገንዘብ ውሃ በሌለበት ወንዝ ላይ ተርባይን እንደ መትከል ነው። መልሱን የሚሻ ደግሞ ልኬቱን ከመዝገብ ቤቱ ይጀምር።