ለቀማው ሳይጀመር

እህት ዓለም፣ የክትትል ካርድሽን አምጪና አጠገቤ ተቀመጪ፤ የመውለጃሽን ቀን አብረን እንቁጠረው። «በቡና ለቀማ ሰሞን ነው» ብሎ መልስ የለም። የኛ አቆጣጠር ለነፍሰ ጡር የተሠራ ይመስል ሒሳቡን ያቀልልሻል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ይዘሽ 9 ወር ጨምሪበት፣ ከዚያ 10 ቀን፤ ጳጉሜን ካለፈችብሽ 5 ቀን ቀንሺ፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 6። ያንቺ የካቲት 20 ነው ብለሻል። ዘጠኝ ወሩ ኅዳር 20 ያደርስሻል፣ ዐሥሩ ቀን ኅዳር 30፣ ጳጉሜን ሲወጣ ኅዳር 25። ሁለት ሳምንት ቢቀድም ወይም ጥቂት ቀን ቢዘገይ አያስደነግጥም፤ አንድ ሳምንት ካለፈው ግን እቤት ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን ኅዳር 25ን ከቡናው ጋር አስተያዪው። ጅማ ላይ እሸቱ መቅላት የሚጀምረው ወደ መስከረም መጨረሻ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ዋናው ለቀማ ነው። ማሳችሁ ደግሞ እዚህ ጅሬን ኮረብታ ሥር አይደለም፣ ጎማ ነው፣ ከአጋሮ ወዲያ። ባልሽ ሳምንቱን እዚያው ያድራል፤ ባጃጁም ፒክአፑም ጆንያ ይጭናል፤ ማታ ማታ «ነይ» ብትያት የምትደርስልሽ ጎረቤትም ለቀማ ላይ ናት። እናንተ እየጠበቃችሁት ያላችሁት ልጅ ሰው ሁሉ እጁ በተያዘበት ሳምንት ይመጣል። ስለዚህ የምነግርሽ ነገር አንድ ነው፦ ለልጁ የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ መስከረም ሳይወጣ ይለቅ። ጥቅምት ከገባ ማንም አይሰማሽም፣ አንቺም ራስሽን አትሰሚም።

ካርዱን ገልብጪው እስቲ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የእርግዝና ክትትል ቢያንስ 8 ጊዜ ይሁን ይላል፤ አገራችንም ይህንኑ ተቀብላለች። የቀጠሮው አከፋፈል በ12፣ በ20፣ በ26 ሳምንት አድርጎ ወደ መጨረሻው ይቀራረባል፦ 30፣ 34፣ 36፣ 38፣ 40። ባንቺ ቀን ሲቆጠር መስከረም 15፣ ጥቅምት 13፣ ጥቅምት 27፣ ኅዳር 11 እና ኅዳር 25 ነው። አየሽው? ከስምንቱ አራቱ ለቀማው ውስጥ ወደቁ። ብዙ ሴት የመጀመሪያዎቹን ተመላልሳ የመጨረሻዎቹን የምትተወው «ደህና ነኝ፣ አሁን ሥራ በዝቷል» እያለች ነው። የደም ግፊት የሚነሣው፣ የልጁ አቀማመጥ የሚታወቀው ግን በነዚያ በመጨረሻዎቹ ነው። ቀኖቹን በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ፤ ባልሽ በሚያየው በኩል።

እና ጎማ ትሄጃለሽ ወይ? እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ አልከለክልሽም። ቆመሽ እጅሽ የሚደርስበትን ቅርንጫፍ ልቀሚ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ተቀምጠሽ ልቀሚ፣ የተበላሸውን አውጪ። ጆንያ አታንሺ፤ እርጥብ እሸት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቂያለሽ። ዛፍ አትጎትቺ፣ ቁልቁለት ላይ አትንጠልጠዪ፣ ምጣዱ አጠገብ ጭሱን እየማግሽ አትዋዪ። ኅዳር 4 ቀን 37 ሳምንት ትሞያለሽ። ከዚያ በኋላ ጅሬን ነው ቦታሽ። ከኮረብታው ወርደሽ ሆስፒታሉ ስምንት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እሱም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ከሩቅ ወረዳ ሁሉ በሪፈር የሚመጣበት ነው። ጌራ ወይም ሊሙ ውስጥ ያለች እህትሽ ይህ ዕድል የላትም። ለእሷ የምነግራት ሌላ ነው፦ ጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት ካለ፣ ምጡ ሳይጀምር ገብተሽ ጠብቂ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጉራጌ ውስጥ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እናቶችን እንዲህ እያሳደረ አዋልዷል። አንዳንዱ ጤና ጣቢያም ገንፎውን እዚያው ያገነፋል፣ ቡናውንም ያፈላል።

ስለ ቡና ካነሣን፣ ይኼን ደግሞ ስሚኝ። የጅማን ልጅ ቡና ተዪ ማለት አይሆንልኝም፤ ብልሽም አትሰሚኝ። ቀንሺ ግን። የደም ማነስ እንዳይዝሽ ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ከቡና ጋር የወሰድሽው እንደሆነ፣ ቡናው ብረቱን ሰውነትሽ እንዳይቀበለው ያደርገዋል፤ ሻይም እንዲሁ። ኪኒኑን ከቡናው ሁለት ሰዓት አርቀሽ፣ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ዋጪው። ሆድሽን ካወከሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው እንጂ አልጋ ሥር አትደብቂው። ከሦስቱ ዙር ደግሞ አቦሉን ለእንግዳው ተዪለትና በረካውን ጠጪ፤ ቀጭን ነው፣ ጨዋታውም አይቀርብሽም። ጤናአዳሙን ከሲኒሽ አውጪው፤ ሲበዛ ማሕፀን የሚያነቃንቅ ቅጠል ነው። ኮሶ የሚያስጠጣሽ ቢመጣ እንዲያውም በሩን አሳዪው። ጫት ለእርጉዝ እንደማይሆን ደግሞ አንቺን መንገር አያስፈልገኝም፤ ልጁ ክብደቱ ቀንሶ እንዲወለድ ያደርጋል።

አማትሽ ወተት፣ እንቁላልና አቮካዶ አትብዪ እንዳሉሽ ሰምቻለሁ። ልጁ ገላው ላይ ነጭ ነገር ይለጥፋል፣ ደግሞም ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል ብለው ነው። ክፋት አይደለም፤ እሳቸውም የተነገራቸው ይኼው ነው። ያ ነጭ ነገር ግን የበላሽው ወተት አይደለም፤ የልጁን ቆዳ ውሃው ውስጥ የሚጠብቅ የራሱ ቅባት ነው፣ ወተት ያልቀመሰች እናት ልጅ ላይም ይኖራል። ጠግበሽ ብትበዪ ደግሞ ልጁ አይሰነጥቅሽም፤ ብትራቢ ግን አንቺም እሱም አቅም ታጣላችሁ። ገበያው ብርቱካንና አቮካዶ አለው፣ ምን ቀረሽ?

ከአማትሽ ጋር ግን አትጣዪ። ጅሬን ላይ የእናት ቃል ይከበራል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣትነታቸው ሲነግሡ እናታቸው ጉሚቲ ከጎናቸው ነበሩ፤ ከምኒልክ ጋር በሰላም የተስማሙትም በእሳቸው ምክር እንደሆነ ይነገራል። እናም ብልሃቱ አማትሽን መከራከር ሳይሆን መስከረም 15 ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይዘሻቸው መሄድ ነው። አዋላጇ በኦሮምኛ አስረድታቸው፣ የልጁን የልብ ምት በጆሯቸው ሰምተው ይመለሱ። ከዚያ ወዲያ ወተቱን የሚያፈሉልሽ እሳቸው ናቸው፤ ሲሆን አይቻለሁ።

«እኔ ስድስቱንም እዚሁ ጎጆ ውስጥ ነው የወለድኩት» ማለታቸውም አይቀርም። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ምን ነበረ? እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጤና ተቋም የወለዱት ከመቶው 5 ብቻ ነበሩ። በ2019 48 ደርሰዋል። በዚያው በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናት ትሞት እንደነበር ተገምቷል፤ በ2016 412 ሆነ። አሁንም ብዙ ነው። አማትሽ ስድስት ወልደው ተርፈዋል፣ አልሃምዱሊላህ፤ አብረዋቸው አርግዘው ያልተመለሱትን ግን እሳቸው በስማቸው ያውቋቸዋል፣ አንድ ቀን ጠይቂያቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አምጠው ልጁንም አጥተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው የቀሩም አሉ። ለነዚህ ነው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል መቱ ላይ ሳይቀር ቅርንጫፍ የከፈተው።

ደግሞ የወባው ነገር። ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የወባ ዋና ወቅት ነው፤ እርጉዝን ደግሞ ወባ ሲይዛት ይጠናባታል፣ ልጁንም ይጎዳል። ጎማ ሄደሽ ስታድሪ አጎበርሽን ይዘሽ ሂጂ። የቤቱ አጎበር ቡና ማስጫ ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይውረድ። ትኩሳት ቢነካሽ «ድካም ነው» ብለሽ አትለፊው፣ በዚያው ቀን ተመርመሪ።

አሁን አንተ ና፣ በሩ ላይ አትቁም፤ ይኼ የሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚደማት እንደሆነ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማትና ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ፊቷና እጇ ድንገት ካበጠ፣ ውሃው ከፈሰሰ፣ ልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ያኔ ለቀማ የለም፣ ጆንያ የለም፣ «ጠዋት እናያለን» የለም። ጎማ ብትሆንም ስልክህ ይከፈት። አንድ የባጃጅ ልጅ ከሰፈሩ መርጠህ ከአሁኑ አነጋግረው፣ ሌሊት ቢደወልለት እንደሚመጣ ቃል አስገባው፣ አንድ ሌላም ለመጠባበቂያ። የአምቡላንሱን ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ውሰድ። የደም ዓይነቷን እወቀው፤ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ ከወንድሞችህ ጋር ተማከር። ይህን በምጥ መሐል መጠየቅ ይከብዳል።

ገንዘቡንም እናውራ። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ ነፃ ነው፤ መንገዱ፣ ምግቡ፣ አልባሳቱ፣ አንዳንድ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ግን ነፃ አይደለም። ችግሩ ደግሞ መስከረም ኪስ የሚራቆትበት ወር ነው፤ የቡናው ብር ገና ዛፍ ላይ ነው። ምክሬ ይኼ ነው፦ ቀድሞ የቀላውን ጥቂት እሸት ለሰብሳቢው ሽጥና ያንን ብር ለልደቱ ብቻ አስቀምጥ፣ ለእሷ ስጣት፣ በእሷ እጅ ይቀመጥ። የቀረውን አድርቀህ ጀንፈሉን ዋጋ እስኪያወጣ ብትጠብቅበት ማንም አይወቅስህም። ጀንፈሉ ሁሉ እስኪሸጥ የልጁን ወጪ ማቆየት ግን አይሆንም። ሁለታችሁም ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ቢሆን ኖሮ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሚስትህ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይኖራት ነበር፤ አንተ 3 ቀን። ሦስት ቀን! ቡናው እንኳ አልጋ ላይ ለመድረቅ ከዚያ ብዙ ይፈልጋል። ገበሬ መሆንህ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ራስህን አስፈቅድ።

ሌላው ደግሞ አንቺን የሚመለከት ነው። ማታ ሲመጣ ዝም ቢልሽ «አይወደኝም» አትበዪ። ወንድ ልጅ ሲፈራ ዝም ይላል፣ ጎማም ጅማም ያው ነው። እጁን ይዘሽ ልጁ ሲረግጥ ሆድሽ ላይ አኑሪለት። አብራችሁ መተኛታችሁም፣ ደም ወይም ውሃ ካልፈሰሰሽ፣ ሐኪምም ካልከለከለሽ፣ ነውር የለበትም፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ስለሌለ ነው እኔ የምለው። በምጥ ጊዜ ደግሞ ከጎንሽ ማን እንዲሆን እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ምረጪ። እሱ ከሆነ እሱ፣ እናትሽ ከሆነች እናትሽ፤ አዋላጇን ጠይቂያት፣ አሁን ብዙ ቦታ ይፈቅዳሉ።

ልጁ ሲመጣ ኢንሻአላህ፣ ቅቤ እናውጠው የሚሉ ዘመዶች ይሰበሰባሉ። አይሆንም በዪ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡትሽን ስጪው፤ ያ ቢጫ ወፍራም ወተት ተጨምቆ አይደፋም፣ የመጀመሪያው ክትባቱ እሱ ነው። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይቀምስም። እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይነካ፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽን ቅባት ብቻ። ገላውን ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዪለት። ቅቤው ለአንቺ ይሁን፣ በገንፎው ላይ። በአምስተኛው ቀን ለሸነን ሥርዓት ሴቶቹ ሲመጡ እልልታውም ገንፎውም ይድመቅ፣ በሰባተኛው ቀን አቂቃው ይታረድ፤ ያኔ ዘመድ ሁሉ የሚፈልገውን ያደርጋል፣ እኔም አልከለክልም።

በሉ፣ መስከረም 15 ቀን ጠዋት ሦስታችሁም ወደ ጤና ጣቢያው ውረዱ፤ አንቺ፣ ባልሽና አማትሽ። ካርዱን እንዳትረሱ።