መደበኛ የሥራ ሰዓት የትኛው ነው?

አዲስ ተቀጣሪ ውል ሲፈርም የደመወዙን መስመር ሁለት ጊዜ ያነባል፤ «መደበኛ የሥራ ሰዓት» የሚለውን ግን ዘሎት ያልፋል። ኋላ የሚያከራክረው ደግሞ እሱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 61 እንደሚለው፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢቆም ወይም ጨርቁ ከመጋዘን ቢዘገይ፣ ቦታው ላይ ሆኖ የሚጠብቅ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። አለቃው «ምን ሠራህና?» ቢለው መልሱ እዚያው አለ።

ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ጣሪያ ስለሆነም ከዚያ አሳንሶ መዋዋል ይቻላል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ወጣት ሠራተኛ ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

9 ሰዓት ብንሠራስ?

ሁልጊዜ ጥሰት አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 9 ሰዓት፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት ቢሠራ ድምሩ ያው 48 ነው። ሕጉ አንዱን ቀን አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ማከፋፈልን ይፈቅዳል፤ በ8ቱ ላይ የሚጨመረው ግን በቀን ከ2 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

የመንግሥት ሠራተኛው

እሱ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። የለመድነው የቢሮ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያም ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋል። ደምሩት፤ 39 ይመጣል።

ኦቨርታይም

ከመደበኛው የተረፈው በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። አሠሪው ደስ ባለው ቀን የሚያዝዘውም አይደለም፤ እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ያለ ምክንያት ይጠይቃል።

የሰዓት ክፍያችሁ 40 ብር ነው እንበል። ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ አንድ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 60 ብር ይሆናል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ሲሰላ 70፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 80፣ በሕዝብ በዓል ቀን 100 ብር ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ዋጋ የሚከፍል ድርጅት ስታገኙ ዝም አትበሉ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓትም በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ።