የደከመ ገንዘብ እንዴት ይጠቃል?
የታይላንድ ባህት ለገበያ ሰው ያስተማረው

አየር በአየር ንግድ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይኖር፣ ወረቀቱ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ትርፍ ሲያስገኝ ያየ ብዙ ነው። በዓለም የገንዘብ ገበያ የሚካሄደው አየር በአየር ግን ሸቀጡ ስኳር ወይም ሲሚንቶ አይደለም፤ የአንድ ሉዓላዊ አገር ገንዘብ ነው። ይህ ንግድ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1997 በታይላንድ ባህት ላይ ከደረሰው የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሌለህን መሸጥ

ነገሩን በእህል እንጀምር። አንድ ነጋዴ አዝመራ ሲገባ የጤፍ ዋጋ እንደሚወድቅ ገምቷል እንበል። ጤፍ ግን የለውም። ስለዚህ መጋዘን ካለው ወዳጁ 100 ኩንታል ይበደራል፤ ሲመልስ 5 ኩንታል ሊጨምር ይዋዋላል። የተበደረውን ወዲያው በ10,000 ብር ሒሳብ ሸጦ 1 ሚሊዮን ብር ይይዛል። ከሦስት ወር በኋላ ዋጋው 8,000 ብር ሲደርስ 105 ኩንታል በ840,000 ብር ገዝቶ ዕዳውን ይከፍላል። 160,000 ብር ኪሱ ቀረ። የራሱ ጤፍ አንድ ፍሬ እንኳ አልነበረውም።

አሁን በጤፍ ቦታ ባህትን እንተካ። የታይላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከ1984 ጀምሮ ባህትን ዶላር ከሚያመዝንበት የገንዘቦች ቅርጫት ጋር አስሮ፣ አንድ ዶላር በ25 ባህት አካባቢ እንዲመነዘር ያደርግ ነበር። አንድ ስፔኩሌተር 2.5 ቢሊዮን ባህት ተበድሮ በዚህ ዋጋ ቢሸጠው 100 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ለምሳሌ ያህል የባህት ወለድ በዓመት 12 በመቶ፣ የዶላር ደግሞ 5 በመቶ ነው ብለን እናስላ። ከሦስት ወር በኋላ ዕዳው 2,575 ሚሊዮን ባህት፣ በባንክ ያስቀመጠው ዶላር ደግሞ 101.25 ሚሊዮን ይሆናል። ባህት ወድቆ ዶላሩ 32 ባህት ቢገባ ዕዳውን ለመክፈል የሚያስፈልገው 80.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ወደ 20.8 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ ማለት ነው። ባህት ባይወድቅስ? ዕዳው 103 ሚሊዮን ዶላር ነውና የሚከስረው 1.75 ሚሊዮን ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያይ። ጤፍ የተበደረው ነጋዴ ድርቅ ቢመጣና ዋጋው እጥፍ ቢሆን ቤቱ ይፈርሳል። በታሰረ ምንዛሪ ላይ የተወራረደው ግን ይህ ስጋት እምብዛም የለበትም፤ የደከመ ገንዘብ በድንገት ዋጋው አይጨምርምና። ባለበት ከቆመ ኪሳራው የወለድ ልዩነት ነው፤ ከወደቀ ግን ትርፉ የዚያ አሥር እጥፍ ይሆናል። ማዕከላዊ ባንኩ ሳያስበው ለተወራራጁ ዋስ ሆኖለታል። የዚህ ንግድ ምሥጢር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ባህት ለምን ተመረጠ?

ጤነኛ ገንዘብን ማንም አይደፍርም። የታይላንድ ኢኮኖሚ ግን ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቅ እንጂ ውስጡ ተቦርቡሮ ነበር። በ1996 የወጪ ንግዱ ዕድገት ቆመ። አገሪቱ ከውጭ ጋር ባላት ሒሳብ የታየው ጉድለት ከጠቅላላ ምርቷ 8 በመቶ ያህል ደረሰ። ባንኮችና ኩባንያዎች የውጭ ወለድ ርካሽ ነው በሚል ዶላር እየተበደሩ በባንኮክ ሰው የማይገባባቸው ሕንፃዎች ገነቡ፤ የአገሪቱ የውጭ ዕዳ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ብዙውም በአጭር ጊዜ የሚከፈል። ባህት 25 ላይ ተተክሎ ይቆያል ብለው ስላመኑ ዕዳቸውን ከምንዛሪ ለውጥ ለመከላከል ያሰበ ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 1997 ሶምፕራሶንግ የተባለው የቤት ሥራ ኩባንያ የውጭ ዕዳ ክፍያውን ማሟላት ሲያቅተው ገበያው ጆሮውን አቀና።

ማዕከላዊ ባንክ ገንዘቡ ሲጠቃ የሚመዘው ዋና መሣሪያ ወለድ ነው። ወለድ ሲወደድ ባህት መበደር ውድ ይሆንና ተወራራጁ ይሸሻል። ይሁን እንጂ በሕንፃ ብድር የታነቁ የፋይናንስ ኩባንያዎች ባሉበት አገር ወለድ ማናር እነርሱን መቅበር ነው። ስፔኩሌተሮቹ ያነበቡት ይህንን ነበር። ባንኩ አንድ እጁ መታሰሩን አውቀዋል።

የሜይ ወር ፍልሚያ

ትልቁ ጥቃት የመጣው በሜይ 1997 አጋማሽ ነው። የውጭ ፈንዶች፣ የጆርጅ ሶሮስ ኳንተም ፈንድ ጭምር፣ ባህትን በገፍ ሸጡ። አብዛኛው ሽያጭ በወደፊት ርክክብ ውል ነበር፤ «ከሦስት ወር በኋላ ይህን ያህል ባህት አስረክብሃለሁ፣ ዶላሩን ዛሬ በተስማማንበት ዋጋ ትሰጠኛለህ» የሚል ውል ነው። የታይላንድ ባንክ ባህቱን እየገዛ ዶላሩን አፈሰሰ። ቀጥሎም የአገር ውስጥ ባንኮች ለውጭ ሰዎች ባህት እንዳያበድሩ አገደ። ከአገር ውጭ ባህት ጠፋ፣ የአንድ ሌሊት ወለዱም ሰማይ ነካ። ዕዳቸውን ለመክፈል ባህት ያጡ ተወራራጆች በኪሳራ ወጡ። ለጊዜው ማዕከላዊ ባንኩ ያሸነፈ መሰለ።

ይሁንና ድሉ በብድር የተገዛ ነበር። ባንኩ የሸጠው ዶላር በይፋ ክምችቱ ላይ ጉድለት ሆኖ እንዳይታይበት፣ በስዋፕ ውል መልሶ እየያዘ በኋላ ለማስረከብ ቃል ገብቷል። በመሆኑም በጁን መጨረሻ በወረቀት ላይ የሚታየው ክምችት ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23.4 ቢሊዮኑ በወደፊት ውል የሰው ነበር። ይህ አኀዝ ለሕዝብ የተገለጸው በኦገስት፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) ብድር ሲመጣ ነው። መጋዘኑ ሙሉ ነው እየተባለ ጆንያው ግን አስቀድሞ ተሸጦ ነበር።

ወሬ ግን አይደበቅም። የገንዘብ ሚኒስትሩ አምኑዋይ ቪራዋን ጁን 19 ቀን ከሥልጣን ለቀቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቻቫሊት ዮንግቻይዩድ ጁን 30 ቀን የባህት ምንዛሪ እንደማይቀነስ ለሕዝብ ተናገሩ። በገበያ ዓይን እንዲህ ያለው መሐላ ከሁሉ የባሰ ምልክት ነው። ጁላይ 2 ቀን ባህት ተለቀቀ። በጃኑዋሪ 1998 አንድ ዶላር 56 ባህት ደረሰ። በአይ.ኤም.ኤፍ አስተባባሪነት 17.2 ቢሊዮን ዶላር የብድር ጥቅል ቀረበ፤ ሥራቸው ከታገደ 58 የፋይናንስ ኩባንያዎች 56ቱ ለዘለቄታው ተዘጉ።

ጥፋቱን ሁሉ በሶሮስ ላይ ማላከክ ለባለ ሥልጣናት ይመቻል፣ የማሌዥያው ማሃቲር ሞሐመድም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ጠባቂውን ያደከመው የውጭ ፈንድ ቢሆንም በሩን የሰበረው የታይላንድ ነጋዴ ራሱ ነው። የዶላር ዕዳ የነበረበት አስመጪና ኩባንያ ሁሉ «ሳይወደድ ልግዛ» ብሎ ወደ ዶላር ሮጠ፤ ላኪውም የሸጠበትን ዶላር ወደ ባህት መመንዘር አዘገየ። እነዚህ ሰዎች ማንንም ለማጥቃት አላሰቡም፤ ሒሳባቸውን ነው የጠበቁት። የገበያው ጉልበት ግን ከማንም ፈንድ ይበልጣል።

የእኛስ ብር?

የውጭ ፈንድ በብር ላይ ይህን ጨዋታ እንደ ባህት መጫወት አልቻለም። ብር ተበድሮ ከአገር ውጭ የሚሸጥበት ገበያ አልነበረምና። ሆኖም ስሌቱ በሌላ ልብስ እኛም ዘንድ አለ። የምንዛሪ ለውጥ እንደሚመጣ የጠረጠረ ነጋዴ ከባንክ ብር ተበድሮ ከውጭ የመጣ ዕቃ ወይም ቤት ገዝቶ ከቆየ በኋላ ዕዳውን ዋጋው በቀነሰ ብር ሲከፍል፣ ከባህት ተበዳሪው በምን ይለያል? ዶላሩን ውጭ ያስቀመጠ ላኪስ? በኦክቶበር 1992 ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲዘል፣ እንዲሁም ብሔራዊ ባንክ ጁላይ 29 ቀን 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ የተጠቀሙት በዚህ መንገድ የተዘጋጁት ናቸው።

ጥቃት ሁልጊዜ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። ሆንግ ኮንግ ገንዘቧን ከ1983 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 7.80 አድርጋ አስራዋለች። በ1998 ስፔኩሌተሮች ድርብ ወጥመድ አጠመዱባት፤ አስቀድመው በአክሲዮን ገበያው መውደቅ ላይ ተወራረዱ፣ ቀጥሎ የሆንግ ኮንግ ዶላርን ሸጡ። ገንዘቡ ሲሸጥ ወለድ ይወጣል፣ ወለድ ሲወጣ አክሲዮን ይወድቃል። ምንዛሪው ባይነቃነቅም እነርሱ በአክሲዮኑ ያተርፋሉ። መንግሥት በኦገስት አጋማሽ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ራሱ ገበያ ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ 118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አውጥቶ አክሲዮን ገዛ። የነፃ ገበያ ሰባኪዎች ጮኹ። በዚያው ወር ሩሲያ የዕዳ ክፍያ ስታቆም ፈንዶቹ በሌላ በኩል ስለተመቱ ጨዋታውን ትተው ወጡ። መንግሥት የገዛውን አክሲዮን ከኖቬምበር 1999 ጀምሮ ትራከር ፈንድ በተባለ ድርሻ መልክ ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር ዋጋው ከተገዛበት በእጅጉ ከፍ ብሎ ነበር።